የጉማሬው አሥራ አምስተኛ ዙር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ላይ የምታሠራትን ቤት ልይላት ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ሰው እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ሹፌሩና ጓደኛው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይጨቃጨቃሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ጭቅጭቅ ማዳመጥ ሥራዬ ሆኗልና ጆሮዬን ሰጠሁ። አንደኛው የድሮዎቹ ፍጥነት የላቸውም ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንተ የድሮ ሰው ክንድ የት ታውቃለህ ይለዋል። ነገሩን ብጠይቃቸው፣ ስልኩ ውስጥ በየዘመኑ የነበሩ የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኖችን የሚያጋጥም ጨዋታ አለ አሉኝ። የሞተውንም ያለውንም፣ አያት የሚሆነውንም የልጅ ልጅ የሚሆነውንም መርጦ ማደባደብ ይቻላል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ በተርታ ከተደረደሩት ሥዕሎች መካከል አንዱ ዓይኔን ያዘው። ጓንቱን አገጩ ሥር ደግኖ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ከሥር ወደ ላይ የሚያይ ሰፊ ሰው ነው። ይህን ፎቶ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አውቀዋለሁ። ሹፌሩ ከማን ጋር ላጋጥምልዎት አባባ ሲለኝ፣ ከሰውዬው ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣውን ረጅሙን በጣቴ አሳየሁት። ተጋጠሙ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ በስምንተኛው ዙር ሰፊው ሰውዬ በዝረራ ወደቀ፣ ስልኩም ዘፈን ለቀቀ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። የዚህን ግጥሚያ መጨረሻ ለማወቅ ሲባል በእኛ ጊዜ አንድ ሰው ሊጠፋ ነበር፤ ሊያጠፋው የነበረውም የእኔ ምላስ ነው።

ዓመቱን ልቅም አድርጌ አልነግራችሁም፤ ቁጥርና እኔ ከተጣላን ቆይተናል። ቤልቦተም ሱሪ ፋሽኑ አልፎበት፣ ሰው ሁሉ የሱሪውን እግር ለማስጠበብ ልብስ ሰፊ ቤት የሚሰለፍበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ባሕር ዳር ያን ጊዜ የብስክሌት ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ መንገዱ በሙሉ ጎማ ይሆናል፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ የሰፈረባቸው ወንዶችና ሴቶች ደወላቸውን እያቃጨሉ በዘንባባዎቹ ሥር ያልፋሉ። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ ብስኩት ሲጨመርበት ስሙኒ። ሻይ ቤቶቹ ሬዲዮናቸውን በረንዳ ላይ ያወጡና ዘፈኑንም ማርሹንም ለመንገደኛው ይለቁለታል፤ ማርሹ በበዛ ቀን ሰው ጨዋታውን ይቀንሳል። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ አለው። ዛሬም ዘንባባው አለ፣ ሐይቁም አለ። ያ ሁሉ ብስክሌት የት እንደገባ ግን እንጃ።

የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ከሸክላ ተራ ማዶ ነበር። ሰባት ስምንት የእግር መኪና በተርታ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው የሰይድ ነው። ሰይድ ቀጠን ያለ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ በጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከእሱ ሁለት ሦስት ዓመት ባንስም አንተ እንባባል ነበር። ዓሣ ሊያጠምድ የመጣ አንድ ፈረንጅ ጥሎት ከሄደ መጽሔት ላይ የዚያን ሰፊ ቦክሰኛ ፎቶ ቀድዶ ከመኪናው በላይ ለጥፎታል። ሻምፒዮን የነበረው እኛ ሳንወለድ ነው። አዲሱን፣ ረጅሙን ሻምፒዮን ደግሞ ሁላችንም በሬዲዮ እናውቀዋለን። ስማቸው ለምላሳችን አልመች ስላለ ሰይድ ከሐይቁ ስም አወጣላቸው። አሮጌው ከባድ ነው፣ ይሰምጣል፣ ብቅ ሲል ያደቃል፤ ስለዚህ ጉማሬው ተባለ። አዲሱ ከላይ ያንዣብባል፣ ወርዶ ይነጥቃል፣ ተመልሶ ይርቃል፤ እሱ ዓሣ አሞራው ነው። ሁለቱ ተጋጥመው አያውቁም፤ አንዱ ጓንት ሲያጠልቅ ሌላው አርጅቶ ነበር። ሰይድ ግን በየቀኑ ያጋጥማቸዋል።

እንዲህ ነበር የሚያጋጥማቸው። ሱሪ መኪናው ሥር ያስገባና በመቀሱ የመኪናውን ብረት ቃ! ያደርጋል፤ ይሄ ቃጭሉ ነው። ከዚያ እግሩ ፔዳሉን መርገጥ ሲጀምር አፉም ይጀምራል። እግሩ ዝግ ሲል ሁለቱ ይዞራሉ፣ ይጠናናሉ፤ እግሩ ሲፈጥን ቡጢው ይዘንባል። መርፌው ሲርገፈገፍ የዓሣ አሞራውን ግራ እጅ ታያለህ። ጉማሬው ሲደክመው ላቡን በግራ ትከሻው ይጠርጋል፤ ይህቺን ሰይድ አንድም ቀን ረስቷት አያውቅም። በረንዳው ላይ የቆምነው ሰዎች፣ ሱሪ የሰጠነውም ያልሰጠነውም፣ ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር። ክፋቱ አይጨርሰውም። አሥራ አምስተኛው ዙር መሐል ሲደርስ ወይ ክሩ ያልቃል፣ ወይ አዛን ይላል፣ ወይ ደንበኛ መጥቶ እጅጌ ይለካለታል። መቀሱ አይመታም። ነገ ትመጣላችሁ ይለናል። ደንበኛ ለማብዛት የፈጠረው ብልሃት ነው እያልን እናማው ነበር፤ እንመጣም ነበር።

ኢብራሂም የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ሰይድን ያሳደገው እሱ ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ከቆላ ድባ በኩል እህል ጭነው የሚመጡትን ጀልባዎች የሚያራግፍ ወዛደር ነበር፤ ሌላው አንድ ጆንያ ሲሸከም እሱ ሁለት ይሸከማል። ወጣት ሁሉ የሚታፈስበት ያ ክፉ ዓመት የመጣ ጊዜ አንድ ቀን ከወደቡ ላይ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከላቡ ጋር ሄደ። በዚያው ቀረ። የት እንዳለ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር ቤተሰቡ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠም። ሰይድ ስሙን አያነሳም፣ እኛም አናነሳበትም።

የእኔ ነገር እንዲህ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን ላስጠብብ ስሄድ በረንዳው ጢም ብሏል። ሰይድ ዘጠነኛው ዙር ላይ ነው። ጉማሬው ሰምጦ ሰምጦ ብቅ አለና ዓሣ አሞራውን ጎኑ ላይ አገኘው፤ ሰው ሁሉ እሰይ አለ። እኔ ከመሪጌታው አባቴ እግር ሥር ጥቂት ቅኔ የቀመስሁ፣ ክፍል ውስጥም ሰምና ወርቅ የማስተምር ሰው ነኝ፤ አዋቂ መባል ይጣፍጠኝ ነበር። "ሰይድ" አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ይህ ነገርህ እኮ ቅኔ ነው። ጉማሬ ሁለት ነው፤ አንዱ ጣና ውስጥ ይተኛል፣ አንዱ ሰው ጀርባ ላይ ያርፋል።" ባላባት ጭሰኛውን የሚገርፍበት፣ ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው አለንጋም ጉማሬ መባሉን የማያውቅ አልነበረም። ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ተቆረጠ። አሮጌው ጉማሬ ተመልሶ አዲሱን ይመታል ማለት የባላባቱ ዘመን ይመለሳል ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ በልቡ ፈታው መሰለኝ፤ አንዱ ብስክሌቱን አነሳ፣ አንዱ ሰዓቱን አየ። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። የካኪ ኮቱ ኪስ እስኪሰፋለት በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደግፎ የቆመው አስናቀ ነው። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ የእኔ ተማሪ ነበር። ሰምና ወርቅ ላይ ከክፍሉ አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። ኮቱን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝና መቀሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰይድ ዘንድ መጣ። እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ይላል። ቃሉ ለወንድሙ የተነገረው ቃል ነው። በማግስቱ ሚስቱ ሐሊማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ አውርዳለች። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ድምፅዋን አላነሳችም።

"መምህር፣ የጉማሬውን ቃል የሰቀሉበት እርስዎ ነዎት" አለችኝ። "እርስዎው ያውርዱት።"

ልመልስላት ስል ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። ሚስቴ ወልዳ ገና አራስ ቤት ናት፤ ባወርደው እኔ እታሰራለሁ፣ ባላወርደው ሰይድ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ራሴ ማንበብ እያቃተኝ፣ ለአስናቀ የምለውን እየደረደርሁ እያፈረስሁ ዋልሁ። ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወርጄ የታንኳ ቀዛፊዎቹ ማገዶ ሲያራግፉ ቆሜ አየሁ። አባቴ ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው፤ ቅኔ ስትፈታ ሰው እንዳታስር ተጠንቀቅ ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ሳቅ ነበር የምታመጣብኝ። ለሰይድ ደግሞ በሰው በኩል ላክሁበት፤ ዓሣ አሞራው ያሸንፍና ይገላግለን፣ አዲሱ አሮጌውን ከጣለ ማን ምን ይላል አልሁት። መልስ አልላከልኝም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ሳይሳለም፣ ሁሉም ቀረ ተብሎ ስሙ እንዳይመዘገብበት በጠዋት አዳራሹን ሞላው። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከኋላው አብዮቱ የሚምልባቸው የሦስቱ ጢማም ፈረንጆች ፎቶ ተሰቅሏል። ሊቀ መንበሩ የፋብሪካው አሮጌ ሠራተኛ፣ ሲስል የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ከጎኑ አስናቀ ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ሰይድ ኪሱን የሰፋለትን ካኪ ኮት ለብሷል። መፈክር ተባለ፤ ሁላችንም ግራ እጃችንን በቡጢ አነሳን። ሰይድ አንድ ጊዜ በጆሮዬ፣ ግራውን ያነሳ ጎኑን ከፈተ፣ ብሎኝ ነበር፤ ለቦክሰኛ የሚባል ምክር ነው። ያን ቀን እጄ ከራሴ በላይ ሆና ጎኔ ሲበርደኝ ታወቀኝ። አስናቀ ስለ አድኃሪያን፣ በቀልድ ተሸፍኖ ስለሚነዛ ወሬና በጥቅስ ስለሚደበቅ ጠላት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ከዚያ ሰይድን ወደ ፊት ጠራው።

"ጓድ ሰይድ፣ ገበያ ላይ የምታወራውን ግጥሚያ ለሰፊው ሕዝብ አሰማ" አለው። "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መጨረሻውን እንዳትዘል።"

"ያለ መኪናዬ አላውቀውም፣ ጓድ።"

የሚቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። አልቀለደም፤ እግሮቹ መሬት ላይ የሚረግጡት ነገር እየፈለጉ ነበር። አስናቀ ጥቂት አሰበና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ላከ። ጠመንጃቸውን አንግተው መኪናውን እስከነእግሩ ተሸክመው መጡና ከቀዩ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡት። ሰይድ ቁራጭ አቡጀዲ መርፌው ሥር አስገባ። መቀሱን አነሳና ብረቱን ቃ! አደረገው።

መጀመሪያ ድምፁ ይርገበገብ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ልማዱን አገኘ። ዓሣ አሞራው እያንዣበበ ወርዶ የጉማሬውን ቅንድብ ተረተረው፤ ደሙ ዓይኑን ጋረደው። ሰባተኛው ዙር ላይ ጉማሬው ገመዱ ላይ ተደግፎ ምቱን ሁሉ በክንዱ ተቀበለ፤ ዘጠነኛው ላይ ሰምጦ ወጣና አዲሱን ሰው ጎኑን ሲያገኘው፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ባልቴት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንደኛው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ፊት ጠጋ ብሏል። የሊቀ መንበሩ ሳል ቆሟል። አስናቀን አየሁት፤ ብዕሩ ቆሞ ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጨብጣለች። ለማን እንደተጨበጠች ግን ፊቱ አይናገርም። እኔ ደግሞ ግጥሚያውን እያደመጥሁ ሌላ ግጥሚያ ውስጥ ነበርሁ፤ ጉማሬው በመታ ቁጥር ሰይድ የሚታሰር፣ ጉማሬው በተመታ ቁጥር ሰይድ የሚተርፍ ይመስለኛል። ውደቅ፣ እባክህ ውደቅ እለው ነበር። በአሥራ አራተኛው ዙር እውነትም ወደቀ። ሰይድ እግሩን አቁሞ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። በስምንት ጉማሬው በአንድ ጉልበቱ ተነሳ፤ ላቡን በግራ ትከሻው ጠረገ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አለቀሰ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ ለማየት አልደፈርሁም።

አሥራ አምስተኛው ዙር ገባ። እግሩ ፈጠነ፣ ፈጠነ፣ መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሁለቱ መሐል ሜዳ ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመው አንዱ ሌላውን ይዞ ቆሟል። እዚያ ላይ የሰይድ እግር ቆመ። መቀሱን አላነሳም። አስናቀ ጥቂት ጠበቀና ማን አሸነፈ ብሎ ጠየቀ።

"እኔ እንጃ፣ ጓድ" አለ ሰይድ። "ሁለቱ በአንድ ዘመን አልነበሩም። አልተጋጠሙም።"

ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። የአስናቀ ፊት ጠቆረ። ከሰይድ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል የእኔን ስም ጠራ።

"መምህር ይትባረክ፣ ይነሱ። ሰምና ወርቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የዚህን ነገር ወርቁን ለሕዝቡ ይንገሩልን።"

ተነሳሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት ነገር የፈሪ ነው። ቅኔ ቤት መምታት እንዳለበት፣ ልኩ እንደሚታወቅ፣ ይህ ግን ቤት የማይመታ ተራ ወሬ ስለሆነ ወርቅ ሊኖረው እንደማይችል እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳሁ። አስናቀ አንገቱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ሰማኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበር ብያችኋለሁ። ከዚያ ጉማሬ ሁለት ነው ያለው ታዲያ ማነው አለኝ። ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ምሰሶው ላይ ተደግፎ በጆሮው ሰምቶኛል። ሁለት መንገድ ከፍቶልኛል፤ ወይ ሰይድ ነው ልል፣ ወይ እኔ ነኝ ልል። ወደ ሰይድ አየሁ። እሱ ወደ እኔ አልዞረም። አቡጀዲውን ከመርፌው ሥር አውጥቶ በጣቱ እያለሰለሰ ነበር። ሐሊማ ከሴቶቹ መደዳ ነጠላዋን ከዓይኗ ገልጣ ታየኛለች።

"እኔ ነኝ" አልሁ። "እሱ የተናገረው ስለ ቦክስ ነው። ወርቁን የጨመርሁበት እኔ ነኝ፣ አዋቂ ለመባል። ነገሩ ሰም ብቻ ነው። ወርቅ የለውም።"

አስናቀ ወደ ሊቀ መንበሩ አዘነበለ፤ ተንሾካሾኩ። ሊቀ መንበሩ ሲስል ቆየና የተማረ ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል አለ። ያቺ ቃል አዳነችን። ሰውዬው ራሱ የመጨረሻውን ዙር ሊሰማ ወንበሩ ጫፍ ድረስ መጥቶ እንደነበር አይቻለሁ። ሰይድ ከእንግዲህ ስለ ቦክስ ላያወራ ፈርሞ፣ ፎቶውንም አንስቶ ስፌቱን እንዲቀጥል ተወሰነ። እኔ በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ራሴን ስወቅስ ሰው አጨበጨበልኝ። ከወር በኋላ ደግሞ ለሥራው ጥቅም ሲባል የሚል ደብዳቤ መጣና ሚስቴንና አራስ ልጄን ትቼ ቆላ ድባ አራት ዓመት አስተማርሁ። የገበያ ቀን እህል የጫኑ አህዮች በክፍሌ መስኮት ሥር ሲያልፉ እያየሁ፣ ሰምና ወርቅ የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ በቶሎ አልፈው ነበር። ቢሆንም በልቤ እኮራ ነበር። አንድ ጊዜ በሕይወቴ እውነት ተናግሬ ሰው አድኛለሁ እል ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ሰይድ ሱሪ ሰፋልኝ። ከመኪናው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ የፎቶው ቅርጽ ነጥቶ ቀርቷል። ስለ ግጥሚያው አላነሳንም፤ መንግሥት ሲለወጥም አላነሳንም። አስናቀ ዛሬ ወፍጮ ቤት አለው፣ ጤና ይስጥልኝ እንባባላለን። ሰይድ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስፌቱን ተወና ዘንዘልማ ልጁ ቤት ገባ። እዚያ ነው ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ቤት ሳላይ በቀጥታ የሄድሁት። ማንጎ ጥላ ሥር ወንበር አውጥተውለት ተቀምጧል። ድምፄን ሲሰማ እጁን ዘረጋ። የስልኩን ነገር ነገርሁት፤ በየዘመኑ የነበሩትን ሁሉ ያጋጥማል አልሁት።

"የእኛንም?" አለኝ።

የእኛንም አልሁት። ልቀጥል ስል እጄን ያዘኝ። ቆይ፣ አትንገረኝ አለ። ከወንበሩ ሥር ቀኝ እግሩ ብቻውን ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ፔዳል የለም፣ አፈር ላይ ነው የሚረግጠው።

"መምህር፣ ያን ቀን ወርቅ የለውም ብለህ ነበር" አለ። "ነበረው። ላቡን በግራ ትከሻው የሚጠርግ ቦክሰኛ የት አይተህ ታውቃለህ?"

አላየሁም። ያየሁት ሌላ ቦታ ነው። ሁለት እጁ ጀርባው ላይ ያለውን ጆንያ የያዘ ሰው ላቡን የሚጠርግበት ሌላ ነገር የለውም። የወደቡ ድንጋይ፣ ጀልባው፣ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ የሚወጣው ሰፊ ሰው ታየኝ፤ አንገቱን ወደ ግራ ሲጥል ታየኝ። የቅኔ መምህሩ፣ የመሪጌታው ልጅ፣ ጎበዙ አስናቀም ጭምር፣ ወርቅ ፍለጋ ስንት ስንደክም ወንድሙ ኢብራሂም ፊታችን ቆሞ ነበር። አፈርሁ።

"ወላሂ፣ ለሐሊማም አልነገርኋትም" አለ ሰይድ። "አሸነፈ ብል ውሸት ነው፤ ኢብሬ አላሸነፈም። ተሸነፈ ብል ደግሞ እኔው ገደልሁት። ዙሩ እስካላለቀ ግን ቆሞ ነው። አዳራሹ ውስጥ አንተ የላክህብኝን ላደርገው ነበር። ሰባት ድረስ ቆጥሬ ነበር።"

ልጁ ውሃ አምጥታ ሰጠችን፤ ጠጣን። የባጃጅ ጥሩምባ ከመንገዱ ይሰማል። ከዚያ ሰይድ ሞራ የጋረደው ዓይኑን ወደ እኔ አዙሮ፣ በል አሁን ንገረኝ አለ፤ ማሽኑ ምን አለ?

በሕዝብ ፊት ቆሜ እውነት ነው ብዬ ያልሁት ውሸት ነበር። አሁን የያዝሁት እውነት ደግሞ ስምንተኛው ዙር ላይ በዝረራ ወድቋል።

"አሥራ አምስተኛው ዙር መሐል ላይ የስልኩ ባትሪ አለቀ" አልሁት።

"ጉማሬውስ?"

"ቆሞ ነው።"